ጠልፋለች፣ ተጠልፋለች

ሲስተር ሥራ ሲመረምሩ መጀመሪያ የሚያዩት ጀርባውን ነው። የከፋይ ጨርቁን ከእንጨት መወጠሪያው ጋር ገልብጠው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ክሩ የት እንደተቋጠረ፣ የት እንደዘለለ በጣታቸው ይዳብሳሉ። ፊቱማ ሁልጊዜ ይዋሻል ባይ ናቸው። ወልዲያ በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት የሠራሁትን ትንሽ መስቀል ገልብጠው አዩና መቀስ ሰጡኝ። ፈታሁት። አራት ጊዜ ሠርቼ አራት ጊዜ ፈታሁት። በአራተኛው አለቀስኩ፤ የማለቅሰው ግን ለመስቀሉ አልነበረም።

እዚያ ቤት የገባሁት ጥልፍ ልማር ብዬ አይደለም፤ ልደበቅ ነው። አገሬ ከግራና ከተማ ወጣ ብሎ፣ ወንዙ ዳር ነው። ዐሥረኛ ክፍልን በጨረስኩበት ዓመት ከወንዙ ማዶ ያለ አንድ ሰውዬ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ላከ። አባቴ ሁለቱንም ጊዜ ትምህርቷን ትጨርስ ብለው መለሱ። እኔም ሰውዬውን አልፈልገውም ነበር፤ የጠየቀኝ ባይኖርም ደግነቱ የአባቴና የእኔ ሐሳብ ገጠመ። ከዚያ ሰውዬው አንድ ሠርግ ላይ፣ ሰው ሁሉ በሚሰማበት፣ ከእንግዲህ ሽማግሌ አልልክም አለ። ለማያውቅ ሰው ተስፋ የቆረጠ ይመስላል። እኛ ዘንድ ግን ያን የሰማ ሁሉ ትርጉሙን ያውቃል፤ ሽማግሌ መላክ የተወ ሰው ጎረምሳ ይልካል።

እናቴ የሞተችው አምስተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። አባቴ ከእኔ ሌላ ልጅ የላቸውም። ከዚያ ሠርግ በኋላ እርሻቸውን እየተዉ ውኃ ልቀዳ ስወርድ ይከተሉኝ ጀመር፤ ዱላቸውን ታቅፈው በር ላይ ማደርም ለመዱ። ከስተው አጥንታቸው ወጣ። አንዲት ዘመዳችን ወልዲያ ካቶሊኮቹ ሲስተሮች ቤት ልብስ ታጥብ ነበርና እሷ ነገሩን ለሲስተሮቹ አጫወተቻቸው። ትምጣ፣ ክረምቱን እኛ ዘንድ ትክረም አሉ። አባቴ በሚኒባስ አምጥተው በር ላይ አስረከቡኝና፣ መስከረም ሲጠባ እወስድሻለሁ ብለውኝ ተመለሱ። መስከረም ሦስት ጊዜ ጠባ።

ቤቱ ውስጥ ሦስት ሲስተሮች ነበሩ፤ ሁለቱ ያገራችን ሰዎች፣ ሦስተኛዋ ከባሕር ማዶ የመጡ። የጥልፍ ክፍሉን የሚመሩት እኚህ የውጪዋ ናቸው፤ ከእንግዲህ ሲስተር ስል እሳቸውን ነው። የምንሠራው የቅዳሴ ካባ፣ የመንበር ልብስ፣ መጋረጃ፣ የእመቤታችን ሥዕል ያለበት ሰንደቅ ነበር። ዘመዶቼ ካቶሊክ ያደርጉሻል ብለው ፈርተው ነበር። እንኳን ካቶሊክ ሊያደርጉኝ፣ በፍልሰታ ሹልክ ብዬ ወተት ብጠጣ የሚቆጡኝ እነሱ ነበሩ። ክፉ ቃል ከአንዳቸውም አልሰማሁም። ይህን የምናገረው ቀጥሎ የምለው የምስጋና ቢስ ወሬ እንዳይመስልብኝ ነው።

ታፍኜ ነበር። የግቢው በር አይቆለፍም፤ ማንም አትውጪ አላለኝም። የቆለፍኩት ራሴ ነኝ። አንድ ቀን ክር ልገዛ ፒያሳ ወጥቼ ከጀርባው ያን ሰውዬ የሚመስል ሰው አየሁና ክሩንም መልሱንም ጥዬ እየሮጥኩ ተመለስኩ። ሰውየው ምናልባት የሲሪንቃ እርሻ ምርምር ሠራተኛ ይሆናል፤ የባጃጅ ሹፌርም ይሆናል፤ ዞር ሲል አልጠበቅኩም። ከዚያ ወዲያ መውጣት ተውኩ። ቅዳሴ የምሰማው ከአጥሩ ማዶ ካለው ከእኛው ቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ነበር፤ እሁድ እሁድ ግቢው ውስጥ ነጠላዬን አጣፍቼ በአጥሩ በኩል ቆሜ አስቀድሳለሁ። የጠለፍኩት ካባ ደሴን አየ፣ ኮምቦልቻን አየ፣ አዲስ አበባም ገባ። ተጣጥፎ በወረቀት ሲጠቀለል እያየሁ በካባ ቀናሁ። ሰው በካባ ይቀናል? እኔ ቀንቻለሁ።

ሌላዋ ሠራተኛ ከመርሳ የምትመጣ እስላም ነበረች፤ ቅዳሜ ወደ ቤቷ ወርዳ ሰኞ ትመለሳለች። ፊት አትሠራም፤ ሐራም ነው ትላለች። ሐረጉን፣ ቅጠሉን፣ ጠርዙን እሷ ትሠራለች፤ ፊትና እጅ የእኔ ነው። በአንድ መወጠሪያ ግራና ቀኝ ተቀምጠን ስንት ድንግል፣ ስንት መላእክት ጨረስን። በሳምንት ሁለት ጊዜ መንገድ ላይ ስለምትሆን የውጪው ዓለም የሚመጣልኝ በእሷ አፍ ነበር፤ መርሳ ላይ ሽንኩርት ስንት ገባ፣ ውርጌሳ ላይ መኪና ተገለበጠ፣ ማን አገባ። የእኔን ሰውዬ ነገርም ታውቃለች። ስተክዝ ካየች፣ “አብሽሪ፣ እሱም አንድ ቀን ይረሳል” ትለኛለች።

በሦስተኛው ዓመት ሲስተር ትልቅ ሥራ ሰጡኝ። የመቅደስ መጋረጃ ነው፤ ኢያቄምና ሐና የሦስት ዓመቷን ማርያምን ቤተ መቅደስ ሲያስገቡ፣ በዓታ ለማርያም። ፊቶቹን ሁሉ ብቻዬን እንድሠራ ነው። ንድፉ ከውጭ የመጣ ስለነበር ሐና በጎን ነበር የተሳለችው፤ ጎንበስ ብላ ልጇን ስታይ፣ አንድ ዓይኗ ብቻ ይታያል። አልሠራም አልኩ። በእኛ ሥዕል በጎን የሚሳል፣ አንድ ዓይኑ ብቻ የሚታይ ይሁዳ ነው፣ ሰይጣን ነው፤ ቅድስት ሐናን አንድ ዓይን አድርጌ ለሕዝብ ባሳይ እናቴ ከመቃብር ተነሥታ ትቆነጥጠኛለች። ሲስተር እርሳስ አንሥተው ሁለተኛውን ዓይን ጨመሩ። ኢያቄምንም ወደ ፊት አዞሩት። እንግዲህ ሁለቱም ወደ እኛ ሲያዩ ልጅቷን የሚያያት የለም አሉ። እንደዚያ ነው ልማዱ አልኳቸው።

በዚያ ሥራ ሰባት ወር ቆየሁ። እመቤታችን ቤተ መቅደስ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሐርና ወርቅ እየፈተለች ኖረች ይባላል። እናቴ ስትተርክልኝ በልጅነቴ ደስ የሚል ነገር ይመስለኝ ነበር። አሁን መርፌ ይዤ ሳስበው ልጅቷ ስንት ጊዜ ወደ በሩ አይታ ይሆን እላለሁ። ይህን ለሲስተር ብነግራቸው ጸልዪ ይሉኛል ብዬ አልነገርኳቸውም።

መጋረጃው ወደ ማለቁ ሲደርስ ሲስተር የምስክር ወረቀት ጻፉልኝ። ባለሙያ ሆነሻል፣ አባትሽ ይህን ሊሰሙ ይገባል አሉ። አባቴ ስልክ የላቸውም፤ መልእክት የሚደርሳቸው ግራና ከተማ ሱቅ ባለው አጎቴ፣ በእናቴ ወንድም በኩል ነው። ሲስተር ስልካቸውን ይዘው አንድ ሰዓት ያህል በአማርኛ ሲጽፉ ቆዩ። አማርኛን የተማሩት ከመጽሐፍ ነው፤ አንድ ፊደል ከፈለጉ ሳያገኙት አይለቁም። ጨርሰው መጡና ትክክል ነው ወይ ብለው ስልኩን ከፊቴ ደቀኑት። እኔ የኢያቄምን ጢም እየሠራሁ የወርቁን ክር በጥርሴ ይዤ ነበር። ገረፍ አድርጌ አየሁና ራሴን ነቀነቅኩ።

መልእክቱ እንዲህ ይል ነበር፦ “ጤና ይስጥልኝ። ልጅዎ ተምራለች። ተመርቃለች። በጣም ጥሩ ተጠልፋለች። እኛ ተደስተናል። እግዚአብሔር ይመስገን።”

አማርኛችን ክፋት አለበት። ልብስም ይጠለፋል፣ ወንዝም ለመስኖ ይጠለፋል፣ ስልክም ይጠለፋል፣ ሴትም ትጠለፋለች፤ ለሁሉም አንድ ቃል። ለምን እንደተደበቅኩ ሲስተር ያውቃሉ፤ ቃሉ ከልብሱ ሌላ ለሴትም እንደሚሆን ግን የነገራቸው ሰው አልነበረም። እኛ እንግዳ በመጣ ቁጥር “ይቺ ጎበዝ ጠላፊ ናት” ብለው ሲያስተዋውቁን እርስ በርሳችን ተያይተን ከመሳቅ በቀር አላረምናቸውም። “ተ”ን ለምን ጨመሩ ብዬ በኋላ ስጠይቃቸው፣ ተምራለች፣ ተመርቃለች፣ ተሳክቶላታል፣ ደስ የሚለው ነገር ሁሉ በ“ተ” ይጀምራል ብዬ ነው አሉ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የጣት ወለምታም ያው ነው።

መልእክቱን የላኩት ሐሙስ ነው። አንድም መልስ አልመጣም። እኔም አልገረመኝም፤ አጎቴ ኔትወርክ ሲያገኝ ብቻ የሚገኝ ሰው ነው። ዐሥራ አንድ ቀን አለፈ። ጓደኛዬ ቤቷ ሠርግ ስለነበረ ያለፈውን ሳምንት ሙሉ አልመጣችም ነበር፤ በሁለተኛው ሰኞ ከመርሳ መጣች። በሩን ከፍታ እኔን መወጠሪያው ላይ ጎንበስ ብዬ ስታየኝ ቅርጫቷን ለቀቀችው።

“ወላሂ፣ አንቺ አልተጠለፍሽም እንዴ?”

“ምን ሆነሻል፣ እየጠለፍኩ ነው” አልኳት።

እሷ ስታለቅስ እኔ ስስቅ ትንሽ ቆየን። ከዚያ ተቀምጣ ነገረችኝ። መርሳ ገበያ ላይ ከግራና የመጣች ሴት ናት ያወራችላት፤ ያቺ ካቶሊኮች ቤት የነበረችው ልጅ በተመረቀች ሰሞን ተጠለፈች፣ ያ ሰውዬ ኮቦ ወሰዳት፣ ሽማግሌም ገብቶ ታረቁ ብላ። መጀመሪያ መጥቶ የወሰደኝን ያህል ፈራሁ። ቀጥሎ መልእክቱ ትዝ አለኝ። ሲስተርን ጠርቼ ስልኩን አስከፈትኳቸውና አነበብኩት፤ በዚህኛው ጊዜ አፌ ውስጥ ክር አልነበረም። “ተ”ዋ ቁጭ ብላለች። ለሲስተር ቃሉ ሌላ ምን ማለት እንደሆነ ጓደኛዬ ናት ያስረዳቻቸው፤ እኔ አፈርኩ። ሲስተር ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

ወዲያው አጎቴ ዘንድ ደወልን። ስልኩ ሁለት ጊዜ እምቢ አለ፣ በሦስተኛው ገባ። አጎቴ ድምፄን ሲሰማ ሳቀ። ሁሉም ተጣርቷል፣ አባትሽ ነገ ይመጣሉ፣ ይውሰዱሽ፣ ነገሩን ከእሳቸው ስሚው፣ በሳቅ ትሞቻለሽ አለኝ። ይውሰዱሽ ያላትን ቃል ነው የሰማሁት። ሌላውን አልሰማሁም። ጓደኛዬን አቅፌ ዘለልኩ። ያለኝን ልብስ አጠፍኩ፤ ጊዜ አልፈጀም።

አባቴ በማግሥቱ ረፋድ ላይ መጡ። ነጭ ጋቢያቸውን አድርገዋል፤ ወፍረዋል። መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው፤ ፊታቸው ሞልቷል። ግንባሬን፣ ትከሻዬን፣ እጆቼን ሳሙ፣ አለቀሱ፣ ሳቁ። እንግዳ መቀበያው ክፍል አስገባኋቸው። ሲስተር ሻይ አመጡና በተሰባበረ አማርኛ ይቅርታ ሲጠይቁ አባቴ ብድግ ብለው፣ ኧረ ምንም አይደል፣ ፊደል ነው ያሳሳተን አሉ። ሲስተር ሲወጡ ወሬውን ጀመሩልኝ። አባቴ ሲያወጉ ያምርባቸዋል።

አጎቴ መልእክቱን ያነበበው ገበያ ቀን፣ ሱቁ ሰው ሞልቶት ነው። ተምራለች ሲል እልል ተባለ፣ ተመርቃለች ሲል እልል ተባለ፣ ተጠልፋለች ሲል ጸጥ አለ። እኛ ተደስተናል የምትለዋን ሲሰሙ፣ እነዚህ ሰዎች ራሳቸው ናቸው የሰጧት ተባለ። እግዚአብሔር ይመስገን የምትለዋን እንደ ማጽናኛ ወሰዷት፤ ክፉ ሲደርስም የሚባለው ያው ነውና። ወሬው ወንዙን ተሻገረ። ሰውዬው ደግሞ ለማሽላ ሥራ እያለ ኮቦ ይመላለስ ነበር፤ በዚያ ሰሞንም ከሄደ ሁለት ወር ሆኖታል። ቤተሰቦቹ፣ ልጃችን እዚህ የለም፣ ልጅቷም እዚያ የለችም፣ እንግዲህ ሌላ ማን ሊሆን ነው አሉ። ደም ሳይፈስ ብለው ሽማግሌ ሰበሰቡ፤ ድንጋይ በትከሻቸው ተሸክመው፣ አጎንብሰው አባቴ ደጅ ቆሙ። ታረቁ፣ በግ ታረደ፣ ተመራረቁ። በሁለተኛው ሳምንት ሰውዬው እርጉዝ ሚስቱን ይዞ ከኮቦ ከች አለ። እዚያ ካገባ ዓመት አልፎታል፤ ለቤተሰቡ አልተናገረም ነበር። እናቱ እኔ የመጣሁ መስሏት እልል እያለች ወጥታ የማታውቃትን ሴት አቀፈች። ያኔ አጎቴ መልእክቱን ደግሞ አነበበና “ተ”ዋ ላይ ደረሰ።

እዚህ ላይ አባቴ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ የተደበቅኩት ኮቦ ላይ ጎጆ ከወጣ ሰው ኖሯል። እንዲህ እየሳቅኩ ሳለሁ ቀኑን መቁጠር ጀመርኩ።

“ሽማግሌዎቹ መቼ ነው የመጡት?” አልኳቸው።

“በሦስተኛው ቀን።”

“እርስዎስ ምን አሏቸው?”

“ምን እላለሁ ልጄ። ከሆነ በኋላ ምን ይባላል? እሺ አልኩ።”

እሺ ያሉት እኔን ሳያዩኝ ነው። የት እንዳለሁ፣ በሕይወት መኖሬን ሳያውቁ። አባቴ ሻያቸውን ፉት አሉ፤ የጠየቅኩት ገና አልገባቸውም።

“አባዬ፣ የሲስተር ቁጥር አጎቴ ዘንድ ነበር። አንድ ጊዜ ቢደውሉ እኔው ነበርኩ የማነሣው። ለምን አልደወሉም?”

መጀመሪያ ሲስተሮቹ ላይ ተናድጄ ነው፣ ሸጧት ብዬ ነው አሉኝ። አላመንኳቸውም። ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ። አባቴ ውሸት አይችሉበትም።

“ልዋሽሽ አልፈልግም” አሉ። “ውሻ ሲጮህ እሷን ነው፣ ሰው ሲጠራኝ እሷን ነው እያልኩ ሦስት ዓመት እንቅልፍ አላየሁም። እዚህ ካስገባሁሽ በኋላም አልተወኝም። የፈሩት ይደርሳል ሲሉ እሰማ ነበር፤ ሲደርስ እንደሚያሳርፍ ግን የነገረኝ የለም። የዚያን ዕለት አለቀስኩ። ከዚያ ተኛሁ። ደውዬ አለች ቢሉኝ እንደገና ልጀምር ነው።”

ተናድጄ ነበር፤ ጠረጴዛውን ብገለብጠው ደስ ይለኝ ነበር። አዘንኩላቸውም። ይበልጥ ያናደደኝ ማዘኔ ነው፤ የወፈሩት ፊታቸው አምሮባቸዋል፣ ያማረባቸው እኔ ተጠልፌ ነው። ባላዝንላቸው ኖሮ እጮህባቸው ነበር፣ ይወጣልኝ ነበር። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩና መጋረጃው ጥቂት ይቀረዋል፣ እሱን ሳልጨርስ ብሄድ ሲስተር ይቸገራሉ አልኳቸው። አባቴ፣ እውነትሽን ነው፣ የሰው ሥራ አይጣልም አሉ። ቅር አላላቸውም። ያጠፍኩትን ልብስ አላዩትም።

መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። በእግሬ፣ በዋናው መንገድ፣ በሰው መሃል። ወደ ኋላ አልተገላመጥኩም፤ የሚከተለኝ እንደሌለ አውቃለሁ። ሰው የሚያልመው ነፃነት ይህ ነው ብዬ ደስታውን ፈለግኩት። መርሳ፣ መርሳ እያለ ረዳቱ ይጮሃል። ሚኒባሱ ውስጥ አንድ ቦታ ባዶ ነበር። አባቴ በመስኮት እጃቸውን አወጡልኝና ያዝኳቸው፤ ሚኒባሱ ሲነሣ ለቀቅኳቸው።

መጋረጃው አልቆ ከተሰቀለ ቆይቷል። እኔ አሁንም ያው ክፍል ውስጥ ነኝ፤ አዲስ የሚገቡትን ልጆች የማስተምረው እኔ ነኝ። ጓደኛዬ አግብታ መርሳ ቀረች። ሲስተሮቹ ከእነሱ አንዷ እንድሆን አልጠየቁኝም፤ ቢጠይቁኝም አልሆንም። እሁድ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፣ ክር ልገዛ ፒያሳ እወጣለሁ፣ ተመልሼ እገባለሁ። አባቴ ስልክ ገዝተዋል፤ በየሳምንቱ ይደውሉልኛል። ነይ እንጂ ይሉኛል፤ እመጣለሁ እላቸዋለሁ። ግራና ቅርብ ነው፤ ጠዋት የተነሣ ለምሳ ይደርሳል። ሰውዬውን እፈራ በነበረበት ጊዜ ከዚህ ግቢ መውጣት አልችልም ነበር፤ ያኔ ግን የምመለስበት ቤት ነበረኝ።